እሪታና ሰሚው፦ የዶሮ ማነቂያ ሰፈርና ነዋሪዎች ወንጀልን አስቀድሞ በመከላከል የሚኖራቸው ድርሻ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ በፒያሳ የሚገኘውን የዶሮ ማነቂያን ሰፈር መነሻ በማድረግ ነዋሪዎች ወንጀልን አስቀድመው ለመከላከል ያላቸውን ድርሻ ይመረምራል። የተመሠረተው በሕግ ሰነዶች፣ በሀገሪቱ የታሪክ ጽሑፎች በሚታወቁ ማኅበራዊ ሥርዓቶችና በወንጀል ጥናት ንድፈ ሐሳቦች ላይ ነው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የድረሱልኝ ጥሪ፣ ማለትም እሪታ፣ በባህልም በሕግም ዕውቅና ያለው የደኅንነት መሣሪያ ቢሆንም ፍሬ የሚሰጠው ሰሚ፣ መላሽና ገደብ ሲኖረው ብቻ ነው። ጽሑፉ ከዚህ በመነሣት ለነዋሪዎች የሚጠቅሙ ተግባራዊ ምክሮችን ያቀርባል፤ በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን የተነሣውን ጥያቄም ያመለክታል።

1. መግቢያ

በፒያሳ ዙሪያ ከሚገኙት ነባር መንደሮች አንዱ እሪ በከንቱ ይባላል። በሕዝብ ዘንድ እንደሚነገረው ስሙ የወጣው በጨለማ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሲዘረፍ ቢጮህም የሚደርስለት ባለመኖሩ ነው። የስሙ አመጣጥ በቃል ታሪክ ብቻ የሚታወቅ ቢሆንም፣ የያዘው ሐሳብ ለወንጀል መከላከል ጥናት መሠረታዊ ነው። ስሙ ስለ ሌባው ጉብዝና አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሰሚው አለመኖር ነው። የአካባቢው ሰው አደጋውን የለካው በዘራፊው ብዛት ሳይሆን በጩኸቱ ከንቱነት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያው አካባቢ የሚገኘው ዶሮ ማነቂያ ደግሞ በጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ በሥጋ ቤቶቹ፣ በመጠጥ ቤቶቹና በምሽት ኑሮው የታወቀ ሰፈር ነው። ቀን የሠራተኛና የነጋዴ፣ ማታ ደግሞ የእንግዳ መንደር ሆኖ ኖሯል። በአንድ በኩል ቤቶቹ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ነዋሪዎቹም ለረጅም ዓመታት በዕድርና በዕቁብ የተሳሰሩ ስለነበሩ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠንቅቆ የሚያውቅበት ቦታ ነበር። በሌላ በኩል ማንነቱ የማይታወቅ ብዙ ሰው በየምሽቱ ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት ለስርቆት፣ ለቅሚያና ለድብደባ የተመቸ ነበር። እነዚህ ሁለት ገጽታዎች በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ሰፈሩን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ያደርገዋል።

“አራዳ” የሚለው ቃል ራሱ በከተማው አነጋገር የነቃን፣ በቀላሉ የማይታለልን ሰው ይገልጻል። ንቃት ግን የግለሰብ ሀብት ነው፤ የነቃ ሰው ራሱን ቢያድን ያልነቃውን እንግዳ ለሌባ ሊተወው ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው የግል ንቃት እንዴት የጋራ ጥበቃ ሊሆን እንደሚችል ነው።

2. ከአውጫጭኝ እስከ ቀበሌ

የነዋሪዎች ተሳትፎ በኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ ይሰበሰብ ነበር። ተሰብሳቢው ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ ሳይታወቅ ከቀረም ነዋሪው የጠፋውን ንብረት ዋጋ በጋራ እንዲከፍል የሚገደድበት ሁኔታ ነበር። መረጃውን በስውር የሚያቀብለው ሰው “ወፍ” ይባላል፤ ስሙ ሳይገለጥ ቃሉ ብቻ ይሰማል። ዛሬ “ጥቆማ” የሚባለው አሠራር ከዚህ ጋር ዝምድና አለው።

የአውጫጭኝ ጥንካሬ ወንጀልን የሁሉም ጉዳይ ማድረጉ ነው። ድክመቱ ደግሞ ንጹሑን ከጥፋተኛው እኩል ማስጨነቁና ለቂም በቀል በር መክፈቱ ነው። የሌባ ሻይ ሥርዓት ይህን አደጋ ይበልጥ ያጎላዋል። በዚህ ሥርዓት የሚያደነዝዝ መጠጥ የተሰጠው ልጅ እየተመራ ይሄድና የደረሰበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይጠረጠር ነበር። ማስረጃ የማይጠይቅ ጥርጣሬ ሰውን ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሥርዓቱ በኋላ በመንግሥት መታገዱም ይህን ያሳያል።

በከተማው ደግሞ ጥበቃ ቀስ በቀስ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን “የአራዳ ዘበኛ” የተባለው የከተማ ጠባቂ ስሙን ያገኘው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ገበያ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል ተቋቋመ። ይህም ሆኖ መንደሮች የራሳቸውን ዘበኛ ከየቤቱ በሚሰበሰብ መዋጮ መቅጠራቸውን አልተዉም።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ፈጠረ። አዋጅ ቁጥር 104/1969 ደግሞ ሥልጣናቸውን አሰፋ። ቀበሌ ቤት አከራየ፣ ዳኘ፣ ጥበቃም አሰማራ። ወዲያው በተከተለው የቀይ ሽብር ዘመን ግን የቀበሌ ጥበቃ ጎረቤትን የማሰርና የማጥፋት መሣሪያም ሆነ። ዛሬ በማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት፣ በብሎክና በቀጠና አደረጃጀት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ በሰላም ሠራዊት ስም የሚካሄደው የነዋሪ ተሳትፎ ይህን ትዝታ ተሸክሞ የሚሄድ ነው። አንድ አዛውንት በጥበቃ ስብሰባ ላይ ዝም ቢሉ ዝምታው ከግድየለሽነት ይልቅ ከልምድ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ተሳትፎን የሚያደራጅ ሁሉ “ይህ አሠራር ማንን ከማን ይጠብቃል?” ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሊኖረው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

3. እሪታ በሕግ ፊት

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለጩኸት ሕጋዊ ውጤት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 19 መሠረት ወንጀለኛው ሲፈጽም የተገኘበት ወንጀል እጅ ከፍንጅ ነው፤ አድራጊው አምልጦ ምስክሮች ወይም ሕዝቡ ሲያሳድዱት፣ ወይም የእሪታ ጩኸት ሲሰማም እንደዚሁ ይቆጠራል። አንቀጽ 20 ደግሞ ወንጀሉ ከሚፈጸምበት ወይም ከተፈጸመበት ቦታ የድረሱልኝ ጥሪ የተሰማበትን ሁኔታ ከዚሁ ጋር ያስተካክለዋል። በአንቀጽ 50 መሠረት ወንጀሉ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ማንኛውም ሰው የእጅ ከፍንጅ ወንጀለኛን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ እሪታ በሕግ ፊት ስሜትን ከመግለጽ ያለፈ ነገር ነው፤ ለአንድ ተራ ነዋሪ ለአጭር ጊዜ የፖሊስን ሥልጣን የሚያውስ ድርጊት ነው።

ይህ ውሰት ግን ገደብ አለው። ሕጉ በአንቀጽ 58 ሰው የያዘ ግለሰብ የያዘውን ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስረክብ ያዝዛል። መመርመር፣ መደብደብ፣ ማሰር ወይም ንብረት በኃይል ማስመለስ በዚህ ሥልጣን ውስጥ አይካተቱም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ሦስት ተያያዥ ነጥቦችን ይዟል። አንቀጽ 575 በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የተደቀነበትን ሰው በራሱም ሆነ በሌላ ላይ ጉዳት ሳያደርስ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ሰው ይቀጣል። ይህ ማለት እሪታን ሰምቶ መስኮት መዝጋት በተወሰነ ሁኔታ ወንጀል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ግን ሰሚው ራሱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ አያስገድድም፤ ስልክ መደወልም እርዳታ ነው። አንቀጽ 78 ተመጣጣኝ የሆነ የመከላከል ድርጊትን ይፈቅዳል። አንቀጽ 447 ደግሞ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የሚወነጅልን ይቀጣል።

የምስክር ጥበቃ ግን ክፍተት ያለበት ጉዳይ ነው። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የተዘጋጀው ለከባድ ወንጀሎች ነው። ስልክ ሲነጠቅ ያየች ጎረቤት በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አትወድቅም። ነጣቂው በሳምንቱ ተመልሶ በበሯ ሲያልፍ ያላት ጥበቃ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። አንድ ሰው ከሚመሰክር አምስት ጎረቤቶች በአንድነት ቢመሰክሩ የበቀል ስጋት ይቀንሳል የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

4. የሰፈሩ አቀማመጥና የምሽቱ ኑሮ

ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜና ቦታ ሲገናኙ ነው፦ ለወንጀል የተነሣሣ ሰው፣ የተመቸ ዒላማ፣ እንዲሁም የብቁ ጠባቂ አለመኖር። ነዋሪው በመጀመሪያው ላይ ያለው አቅም ትንሽ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ግን ብዙ ማድረግ ይችላል።

ጄን ጄከብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ መንገድን የሚጠብቁት በቅድሚያ በዚያ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ዓይኖች መሆናቸውን አስረድታለች። የዶሮ ማነቂያ ሱቆች፣ በደጃፍ ቡና የምታፈላ እናት፣ ሊስትሮና የመኪና ጠባቂ ወጣት እንዲህ ያሉ ዓይኖች ነበሩ። ኦስካር ኒውማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ሰው “የእኔ ነው” የሚለውን ቦታ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ከአንድ ግቢ የሚገቡ ጥቂት ቤተሰቦች ደጃፋቸውን ሲጠብቁ፣ የማንም ያልሆነ ጨለማ መተላለፊያ ግን ጠባቂ ያጣል። ጠባብ መተላለፊያ ለጎረቤት ቅርበትን፣ ለነጣቂ ደግሞ ማምለጫን ይሰጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመንገዱ ስፋት ብቻ ሳይሆን መብራት፣ ዓይንና መላሽ መኖሩ ነው።

ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የቺካጎ ጥናት 343 የሰፈር ክፍሎችንና 8,782 ነዋሪዎችን መርምረው ነበር። ጥናቱ እንዳመለከተው በጎረቤቶች መካከል መተማመን ባለበትና ለጋራ ጥቅም ጣልቃ ለመግባት ፈቃደኝነት በሚታይበት ሰፈር የኃይል ወንጀል አነስተኛ ነው። ይህን “የወል አቅም” ብሎ መጥራት ይቻላል። በአዲስ አበባ የዚህ አቅም ቅርብ ማሳያ ዕድር ነው። በማለዳ የጡሩምባ ነፊውን ድምፅ ሰምቶ ለለቅሶ የሚነሣ ሰፈር መረጃ የሚያስተላልፍበት፣ መዋጮ የሚሰበስብበትና የቀረን ሰው የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው ማለት ነው። ለሞት የተዘረጋው ይህ ሥርዓት ለደኅንነትም ሊውል ይችላል።

ዕድር ግን የማይደርስባቸው ነዋሪዎች አሉ። ከእነዚህም ዋነኞቹ በምሽት መጠጥ ቤቶች የሚሠሩና በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ እንዲሁም ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የቤት ባለቤትም የዕድር አባልም አይደሉም። በሌሊት ለጥቃት እጅግ የተጋለጡት እነሱ ሲሆኑ፣ ጩኸታቸው ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው እንደ ሰካራም ጠብ እንጂ እንደ ድረሱልኝ ጥሪ አይደለም። በሌላ በኩል በሌሊት መንገዱን የሚያዩት፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የጥበቃ አደረጃጀት እነሱን በተጠርጣሪነት ብቻ ከመዘገበ ምርጥ ምስክሮቹን ያጣል፤ እሪ በከንቱም ለእነሱ የሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ይሆናል።

5. ለነዋሪዎች የሚጠቅሙ ምክሮች

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች የሚከተሉት ተግባራዊ ምክሮች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ጥሪውን አስቀድሞ መስማማት። ጎረቤቶች አደጋ ሲደርስ የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ፣ ለምሳሌ ፊሽካ ወይም የታወቀ ቃል፣ በዕድር ስብሰባ ሊወስኑ ይገባል። በዚያው ስብሰባ ማን ለፖሊስ በ991 እንደሚደውል፣ ማን የውጭ መብራት እንደሚያበራ፣ ማን ከተጎጂው ጋር እንደሚቆይ ሊከፋፈል ይገባል። ሁሉም ከሮጠ የሚደውል አይኖርም፤ ሁሉም ከደወለ ተጎጂው ብቻውን ይቀራል። አሳዳጅም ብቻውን ወደ ጨለማ መተላለፊያ መግባት የለበትም።

ሁለተኛ፣ የጋራ ቦታን ባለቤት መስጠት። የማንም ያልሆነውን መተላለፊያ፣ የጋራ መጸዳጃ መንገድና የውሃ መቅጃ አካባቢን የሚያበራ አምፖል ወጪው አነስተኛ ነው። ክፍያው በየተራ እንደሚሸፈንና የተቃጠለውን ማን እንደሚቀይር ካልተወሰነ ግን በወሩ ይጨልማል። የሰፈር ዘበኛ በሚቀጠርበት ጊዜም ደመወዙ በወቅቱ መከፈሉ፣ የሚዞርበት ሰዓትና ለማን እንደሚያሳውቅ መታወቁ ከዱላው ይልቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ስልክን ለሌባ የማይጠቅም ማድረግ። የስልኩን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር በ*#06# አውጥቶ ከግዢ ደረሰኙ ጋር ቤት ማስቀመጥ ስልኩ ሲጠፋ ለፖሊስ የሚሰጠውን መረጃ ተጨባጭ ያደርገዋል። የዚህ ሌላኛው ገጽ ገዢው ነው። ያለ ደረሰኝ፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የሚቀርብ ስልክ የጎረቤት ስልክ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ዕቃ መቀበል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ያስቀጣል። የተሰረቀ ስልክ የሚገዛ እስካለ ድረስ ንጥቂያ ገበያ አያጣም።

አራተኛ፣ በታክሲ ውስጥ መጠንቀቅ። በከተማው “ሿሿ” በሚል ስም የታወቀው ወንጀል የሚፈጸመው በቡድን ነው፤ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ሰዎች ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር ተባብረው አንዱን እውነተኛ ተሳፋሪ በማዋከብ ስልኩን ወይም ገንዘቡን ይወስዳሉ፤ ከዚያም ምክንያት ፈጥረው ያወርዱታል። ታፔላ የሌለው ወይም ከተራ ውጭ በጥድፊያ የሚጭን ታክሲ አለመሳፈር፣ የሰሌዳ ቁጥሩን አስቀድሞ ማየት፣ “ቦታ ቀይር”፣ “በሩን ያዝ” በሚል ውክቢያ መካከል ኪስን መጠበቅ ይመከራል። የተሳፋሪው ንቃት ከወንጀሉ በኋላ በሰሌዳ ቁጥር ጥቆማ ካልታገዘ ያው ታክሲ ቀጣዩን ሰው ይጭናል።

አምስተኛ፣ የምሽት ንግድ ቤቶችን የጥበቃው አካል ማድረግ። የመጠጥ ቤት ባለቤት የደጃፉን መብራት ቢያበራ፣ ሥራ ጨርሰው የሚወጡ ሠራተኞች በጋራ እንዲወጡ ቢያደርግ፣ የሰከረ ደንበኛን ለሚታመን ታክሲ ቢያስረክብ ብዙ ጥቃት ይቀራል። ሠራተኞቹም በሰፈሩ የደኅንነት ውይይት ተሳታፊ ሊሆኑ ይገባል።

ስድስተኛ፣ ያዩትን ብቻ መናገር። ጥሩ ጥቆማ ሰዓት፣ ቦታ፣ ልብስ፣ የሄደበት አቅጣጫና የተሽከርካሪ ቁጥር ይይዛል። “ሌባ ይመስላል”፣ “የነእገሌ ልጅ ነው መሰለኝ”፣ “መጤ ነው” የሚሉት ጥቆማ ሳይሆኑ ግምት ናቸው። ግምት ወደ ክስ ሲለወጥ ሌባ ሻይ በሌላ መልክ ይመለሳል።

ሰባተኛና ዋነኛው፣ የደቦ ፍርድን መከልከል። “ሌባ! ሌባ!” የሚለው ጩኸት ሰሚ ካገኘ በኋላ ልጓም ካጣ ከስርቆቱ የከፋ ወንጀል ይወልዳል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል በሚል የሐሰት ወሬ በሕዝብ ተገድሎ ተሰቅሏል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ለጥናት ሥራ የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በልጆች ላይ ጉዳት ያደርሳሉ ተብሎ በተነዛ ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሁለቱም ጉዳዮች ሰው ጥሪን ሰምቶ መሰብሰቡ ብቻውን ደኅንነት እንዳልሆነ ያስተምራሉ። በእያንዳንዱ ሰፈር የተያዘን ሰው ከመደብደብ የሚከላከሉ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ከብበው የሚጠብቁት ሁለት ሦስት የተከበሩ ሰዎች አስቀድመው መመረጥ አለባቸው።

6. ሰፈር ሲበተን

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር መንደሮች ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከወንጀል መከላከል አንጻር ይህ ለውጥ ሁለት ገጽ አለው። ሰፊ መንገድ፣ የመንገድ መብራትና ክፍት ቦታ ነጣቂ የሚሰወርበትን ጥግ ይቀንሳሉ። በሌላ በኩል ግን ለዓመታት የተገነባው ትውውቅ በመብራት አይተካም። አዲሱ መንገድ ዓይን አለው፤ ዓይኖቹ ግን በአብዛኛው የአላፊ አግዳሚ ናቸው። አላፊ አግዳሚ ያያል፣ ነገር ግን ማን ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ነገም ለመመስከር አይገኝም።

ወደ አዲስ መንደር ወይም ጋራ መኖሪያ ሕንፃ የገቡ ቤተሰቦች ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይቸገራሉ። በሩ ጠንካራ፣ ቁልፉም አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በደረጃው የሚወጣውን ሰው ነዋሪ ይሁን እንግዳ ለይቶ የሚያውቅ የለም። የቀድሞው ዕድር አባላት ተበትነው ገንዘቡ ቢቀጥል እንኳ፣ ሌሊት ሲጮኹ የሚደርሰው የቀድሞ ጎረቤት አይደለም። ስለዚህ በአዲስ ሰፈር የመጀመሪያው የደኅንነት ሥራ ካሜራ መትከል ሳይሆን በየደረጃው ያሉ ቤተሰቦችን ማስተዋወቅ፣ ስልክ መለዋወጥና አዲስ ዕድር ማቋቋም ነው ማለት ይቻላል። ሰው በሚዛወርበት ጊዜም ጎረቤታሞችን በተቻለ መጠን በአንድ ብሎክ ማስፈር እንደ ማኅበራዊ ቸርነት ብቻ ሳይሆን እንደ ወንጀል መከላከያ እርምጃ ሊታይ ይገባዋል።

7. መደምደሚያ

የአንድ ሰፈር ደኅንነት በጥሪውና በመልሱ መካከል ባለው ርቀት ይለካል። ይህን ርቀት የሚያሳጥሩት መብራት፣ ትውውቅ፣ አስቀድሞ የተደረገ የሥራ ክፍፍልና የፖሊስ ፈጥኖ መድረስ ናቸው። መልሱ ከሕግ እንዳይወጣ የሚጠብቁት ደግሞ ማስረጃና ግምትን መለየት፣ የተያዘውን ማስረከብና የሁሉንም ነዋሪ ጩኸት፣ የሌሊት ሠራተኛዋንም ጭምር፣ እኩል መስማት ናቸው። ከአውጫጭኝ የጋራ ኃላፊነትን መውሰድ፣ ከሌባ ሻይና ከቀይ ሽብር ዘመን ጥበቃ ደግሞ ማስጠንቀቂያን መውሰድ ይገባል።

ለቀጣይ ጥናት ሦስት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። አንደኛ፣ ከፒያሳ የተዛወሩ ቤተሰቦች በአዲሱ መንደር ችግር ቢደርስባቸው የሚጠሩት ማንን ነው? ሁለተኛ፣ ለፖሊስ የማይደርሱ ወንጀሎች፣ በተለይ በምሽት ሠራተኞች ላይ የሚፈጸሙት፣ በምን ዘዴ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊጠኑ ይችላሉ? ሦስተኛ፣ የብሎክና የቀጠና አደረጃጀት የነዋሪውን መተማመን የሚያሳድገው ወይም የሚቀንሰው በምን ሁኔታ ነው? የሰፈሩ ትዝታ በነዋሪዎቹ አእምሮ ገና ሳይደበዝዝ እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር፣ በመገንባት ላይ ላሉት አዳዲስ መንደሮች ቀጥተኛ ጥቅም ይኖረዋል።